በስልክ ላይ ያለው የፊሊፒኖ ካላንደር ሲገመገም፦ «ሊንጎ» እሑድ ነው ወይስ ሳምንት?

«ማር፣ ማር 3።»

ቋንቋው ወደ ፊሊፒኖ የተቀየረ የአንድሮይድ ስልክ ማርች 3 ቀን 2026ን በአጭሩ ሲጽፍ እንዲህ ይላል። በእኛ የካቲት 24 ቀን 2018፣ የዓድዋ በዓል ማግስት ነው። የመጀመሪያው «ማር» ማርቴስ ነው፣ ማክሰኞ። ሁለተኛው «ማር» ማርሶ ነው፣ ማርች። ስልኩ አልተሳሳተም። ሁለቱም ቃላት ከስፓኒሽ የመጡ ናቸው፤ ሁለቱም ስማቸውን ያገኙት ከአንድ የሮማውያን የጦር አምላክ ከማርስ ነው። በሦስት ፊደል ሲቆረጡ አንድ መሆናቸው አይገርምም። አንባቢውን ግን ግራ ያጋባል።

የምንገመግመው ስልኩን አይደለም። ብዙ ሰው ሳይነካው የሚያልፈውን አንድ ምርጫ ነው፦ በቋንቋ ዝርዝሩ ውስጥ «ፊሊፒኖ» የሚለውን፣ እሱ ሲመረጥም ካላንደሩ ላይ የሚመጡትን የቀን ስሞች። ክፍያ የለውም፣ ስልኩ ላይ ቀድሞ አለ። ለማን ይጠቅማል ቢባል፣ ዱባይ፣ ዶሃ ወይም ቤሩት ከፊሊፒኖች ጋር በአንድ ቤት፣ በአንድ ሆቴል ወይም በአንድ ሆስፒታል ለሚሠራ ሐበሻ ነው። ኦፍ፣ ማለትም የዕረፍት ቀን፣ የሚቀያየረው፣ የክፍል ኪራይ የሚዋጣው፣ ካርጎ የሚጫነው በቀን ስም ነው። በቢሮ ወረቀት ላይ ፊሊፒኖች ራሳቸው የእንግሊዝኛውን ስም ይጽፋሉ፤ እርስ በርስ ሲያወሩና በግሩፕ ቮይስ ሲላላኩ ግን ሉኔስ፣ ማርቴስ ይጀምራል።

አጫጫኑ ቀላል ነው፤ ሰው የሚሳሳተው በቅደም ተከተሉ ነው። ቅንብሮች፣ ስርዓት፣ ቋንቋዎች፣ ቋንቋ አክል፣ ፊሊፒኖ። እዚህ ላይ ከቆማችሁ ምንም አይለወጥም። «ጨመርኩት፣ አልሠራም» የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው፦ አፖች ከዝርዝሩ የሚወስዱት ከላይ ሲነሡ መጀመሪያ የሚያገኙትንና የሚችሉትን ቋንቋ ነው፤ አማርኛ አንደኛ ሆኖ ፊሊፒኖ ሁለተኛ ከሆነ ካላንደሩ በአማርኛ ይቀጥላል። ፊሊፒኖን ይዛችሁ ወደ ላይ ጎትቱት። ያኔ ደግሞ ስልኩ በሙሉ ይቀየራል፣ ይህንንም ሁሉም አይፈልገውም። አንድሮይድ 13 እና ከዚያ ወዲህ ያሉ ስልኮች ላይ የተሻለ መንገድ አለ፤ «የመተግበሪያ ቋንቋዎች» በሚለው ገብቶ የአንዱን አፕ ቋንቋ ብቻ መቀየር ነው። የምትጠቀሙበት የካላንደር አፕ እዚያ ዝርዝር ውስጥ ካለ በዚያ ሂዱ፤ ከሌለ ስልኩን በሙሉ ከመቀየር በቀር ምርጫ የለም።

የሳምንቱ መጀመሪያ ቀን ከቋንቋው ጋር አይመጣም። እሱን የሚወስነው የአገር ምርጫው ነው። አገሩ ፊሊፒንስ ከሆነ የመጀመሪያው ዓምድ እሑድ ነው፤ ሌላ አገር የተመረጠበት ስልክ ላይ ግን ሊለይ ይችላል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ስልኮች በአንድ ቋንቋ እየጻፉ ዓምዳቸው የማይገጥመው በዚህ ነው፤ ቀኑን በዓምዱ ቦታ ሳይሆን በስሙ አንብቡ።

አሁን ወደ ስሞቹ። ሊንጎ፣ ሉኔስ፣ ማርቴስ፣ ሚዬርኩሌስ፣ ሁዌቤስ፣ ቢዬርኔስ፣ ሳባዶ። ሰባቱም ስፔኖች ይዘዋቸው የመጡ ናቸው፤ በዛሬው ፊሊፒኖ ከሰባቱ አንዱም የአገሬው ቃል አይደለም። ሉኔስ ጨረቃ ናት። ማርቴስ ማርስ፣ ሚዬርኩሌስ ሜርኩሪ፣ ሁዌቤስ ጁፒተር፣ ቢዬርኔስ ቬነስ። ሮማውያን ቀናቱን በሰማይ አካላትና በአማልክት ሰይመዋል፣ ስፔን ከላቲን ወርሳዋለች፣ ማኒላ ከስፔን። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ አሰያየም እንግዳ ነው፤ የእኛ ቀናት የሚቆጥሩ እንጂ የሚሰግዱ አይደሉም። እሑድ አንደኛ ነው፣ ሰኞ ከግእዙ «ሰኑይ»፣ ሁለተኛ። ማክሰኞ «ማግስተ ሰኑይ»፣ የሰኞ ማግስት፤ ረቡዕ አራተኛ፣ ሐሙስ አምስተኛ። ከፊሊፒኖው ሰባት ውስጥ ለእኛ ዘመድ የሆነው ሳባዶ ብቻ ነው። ከዕብራይስጡ «ሻባት» የወጣ ነው፤ የእኛ «ሰንበት» ከዚያው ሥር ነው፣ ቅዳሜም «ቀዳሚት ሰንበት» ነበረች። ስለዚህ ለማስታወስ ከዚህ ጀምሩ፦ ሳባዶ፣ ሰንበት፣ ቅዳሜ።

ስልኩ ስሞቹን የሚጽፍበት አጻጻፍ ትክክል ነው፤ ለምን እንደዚያ እንደሚጻፉ ያወቀም ቶሎ ይለምዳቸዋል። አባካዳ የሚባለው፣ ፊሊፒኖ የተመሠረተበት የታጋሎግ ቋንቋ የቀድሞ ፊደል፣ 20 ፊደላት ብቻ ነበሩት፤ የእንግሊዝኛው ሲ፣ ኤፍ፣ ጄ፣ ቪ፣ ዜድ ውስጡ አልነበሩም። ስለዚህ የስፔኑ «ቪዬርኔስ» ቪውን ጥሎ በ«ቢ» ቢዬርኔስ ሆነ። «ሁዌቤስ» በስፔን በጄ ነው የሚጀምረው፤ የስፔን ጄ ለጆሮ ወደ «ኸ» ስለሚጠጋ ፊሊፒኖች በ«ሀ» ጻፉት። ሚዬርኩሌስ ውስጥ ያለው ሲ ወደ «ከ» ተለወጠ። በ1987 ፊደሉ ወደ 28 ሲያድግ የተጣሉት ተመለሱ፣ የቀን ስሞቹ ግን በለመዱት ልብስ ቀሩ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ስልኩ «ሚዬርኩሌስ» ይላል፣ በኅትመት ላይ ደግሞ በ«ኮ» «ሚዬርኮሌስ» ታገኛላችሁ። ሁለቱም ሥራ ላይ ናቸው፤ በአንዱ የተጻፈ ማስታወሻ በሌላው አጻጻፍ ሲፈለግ ግን አይገኝም።

የዚህ ካላንደር ትልቁ ወጥመድ ሊንጎ ነው። ከስፔኑ «ዶሚንጎ» ነው የመጣው፣ «የጌታ ቀን» ማለት ነው። ከሰባቱ በጣም የተለወጠው እሱ ነው፣ ፊቱ ላይ ያለው ድምፅ ሁሉ ወልቆ ጭራው ብቻ ቀርቷል። ሲነበብ ድምፁ የሚጠነክረው መጨረሻው ላይ ነው፣ ሊንጎ። ችግሩ ቃሉ ሁለት ሥራ መያዙ ነው፤ እሑድም ሊንጎ ነው፣ ሳምንትም ሊንጎ ነው። እሑድ ሲሆን በትልቅ ፊደል ይጀመራል፣ ሳምንት ሲሆን በትንሽ። በወረቀት ይሠራል። በሜሴጅ ማንም ትልቅ ፊደል አይፈልግም፣ በቮይስ ትልቅ ፊደል የሚባል የለም፣ ፊሊፒንኛውን በአማርኛ ፊደል የሚጽፍ ሐበሻ ደግሞ ልዩነቱን ከነጭራሹ አያየውም። ካላንደሩም ራሱ ወጥመዱን ያባብሰዋል፤ የሳምንት እይታውም «ሊንጎ»፣ የእሑድ ዓምዱም «ሊንጎ»።

መለያው ዙሪያው ያሉት ቃላት ናቸው። «ሳ ሊንጎ» የፊታችን እሑድ ነው። «ሳ ኢሳንግ ሊንጎ» በሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ «ኢሳ» አንድ ማለት ነው፣ ቁጥር ከገባ ሳምንት ነው ብላችሁ ጀምሩ። «ኖኦንግ ሊንጎ» ያለፈው እሑድ፣ «ኖኦንግ ኢሳንግ ሊንጎ» ያለፈው ሳምንት። «ቱዊንግ ሊንጎ» በየእሑዱ፣ «ሊንጎ-ሊንጎ» በየሳምንቱ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ተምታተው በየሳምንቱ ሐሙስ የሚከፈል መዋጮ በየእሑዱ ነው ተብሎ ሊገባ ይችላል። «ዳላዋንግ ሊንጎ» ግን ቁጥሩም አያድንም፤ ሁለት ሳምንትም ሁለት እሑዶችም ሊሆን ይችላል። በእርግጥ የሚያድነው አንድ ሐረግ ነው፦ «አራው ናንግ ሊንጎ»፣ የእሑድ ቀን። አራው ቀን ነው፣ ፀሐይም ነው። ፊሊፒኖች ራሳቸው ሲጠራጠሩ ይህንኑ ይላሉ። ስለ ኦፍ ቅያሪ ስትጻጻፉ «አራው ናንግ» ሳይጨመርበት «ሊንጎ» የሚል ቃል አትቀበሉ።

ከዚህም የተሻለ መፍትሔ አፑ ውስጥ አለ። ቀኑን በቃል ከመጻፍ ይልቅ የካላንደር ግብዣ ላኩ። ግብዣ ውስጥ ያለው ቀን ቃል አይደለም፣ መረጃ ነው፤ በፊሊፒኖ ባልደረባችሁ ስልክ ላይ ሊንጎ፣ በእናንተ ላይ እሑድ ሆኖ ይወጣል። የማይተረጎመው ርዕሱ ነው፤ ላኪው የጻፈው እንደተጻፈ ይቀመጣል። ስለዚህ ርዕስ ላይ የቀን ስም አትጻፉ። ቀኑ ሲቀየር ርዕሱ አብሮ አይቀየርም፣ ያኔ አንዱ ግብዣ ሁለት ቀን ይናገራል።

ለምን እሑድ ለሳምንት ስም ሆነ ቢባል፣ ከእሑድ እስከ እሑድ የሚቆጥር ሕዝብ መቁጠሪያውን በቆጠረበት ነገር ቢጠራው አያስነቅፍም። እኛም ሰባቱን ቀን «ሳምንት» የምንለው ከ«ስምንት» ነው፤ ጫፍና ጫፉን ሁለቱንም ቆጥረን። ማሌዢያና ኢንዶኔዢያም ውስጥ «ሚንጉ» እሑድም ሳምንትም ነው፤ እነሱ ከፖርቱጋሎቹ «ዶሚንጎ» ወሰዱ። ፖርቱጋሎች በአፍሪካ ዞረው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ መጡ፣ ስፔኖች በአሜሪካ አቋርጠው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ። አንዱ ቃል ከዓለም ሁለት ጎን ተነሥቶ እስያ ላይ ተገናኘ። ሲገናኝ ግን በአንድ ቀን ላይ አልነበረም፤ የፖርቱጋሎቹ ማካው እሑድ ሲሆን ማኒላ ገና ቅዳሜ ነበረች። ስፔኖች የአሜሪካን ቀን ይዘው ስለመጡ ፊሊፒንስ ከጎረቤቶቿ አንድ ቀን ወደ ኋላ ቀርታ ከ1565 ጀምሮ ኖራለች። የስፔን ገዥ የነበሩት ናርሲሶ ክላቬሪያ በ1844 አስተካከሉት፤ ሰኞ ታኅሣሥ 30 ቀን 1844 በአውሮፓ አቆጣጠር ካለፈ በኋላ በቀጥታ ረቡዕ ጥር 1 ቀን 1845 ሆነ። በመካከል ያለው ማርቴስ በማኒላ አልነጋም።

ስልኩ ይህን ያውቃል? በግማሽ። ስልኮችና ኮምፒውተሮች የሚጋሩት የሰዓት ዞን መዝገብ ለማኒላ የ1844ቱን ዝላይ ይዟል። የወሩን ሰንጠረዥ የሚስል አፕ ግን በደፈናው ሰባት ሰባት እያለ ስለሚቆጥር፣ እስከዚያ ወደ ኋላ የሚሄድ ካላንደር ታኅሣሥ 31ን «ማርቴስ» ብሎ ይስለዋል። ለኦፍና ለኪራይ ይህ ምንም አይደለም። የቤተ ክርስቲያን የጥምቀት መዝገብ እያገላበጠ የቆየ ፊሊፒናዊ ቤተሰብ የሚፈልግ ሰው ግን ያን ማርቴስ በማኒላ መዝገብ አያገኘውም፤ ከዚያ በፊት ስሙም ቁጥሩም አብረው ስለዘገዩ የቀን ስሙ ከስልኩ ካላንደር ጋር ይገጥማል፣ ከማካው መዝገብ ጋር ሲያመሳክር ግን በአንድ ቀን ይለያያል።

ወደ ምሕጻረ ቃላቱ እንመለስ፣ ነጥብ የምንቀንሰው እዚያ ስለሆነ። ሙሉ ስሞቹ ግልጽ ናቸው። ሲያጥሩ ሊን፣ ሉን፣ ማር፣ ሚይ፣ ሁው፣ ቢይ፣ ሳብ ይሆናሉ። ሊን እና ሉን በላቲን ፊደል ሲጻፉ የሚለያቸው መካከላቸው ያለች አንዲት አናባቢ ናት፤ አንዷ እሑድ፣ አንዷ ሰኞ። በትንሽ ዊጅት (ስክሪኑ ላይ በሚቀመጥ የአፕ መስኮት) ላይ፣ የተሰነጠቀ ስክሪን ላይ፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ ለሚያነብ ሰው ይህ ሩቅ አይደለም። ሁው ሐሙስ ነው፣ ሁን ደግሞ ሁንዮ፣ ጁን ነው፣ ሁል ሁልዮ፣ ጁላይ። ስሙን ወደ አንድ ፊደል የሚቆርጡ ዊጅቶች ደግሞ የባሱ ናቸው፦ ኤል፣ ኤል፣ ኤም፣ ኤም፣ ኤች፣ ቢ፣ ኤስ። ከሰባት አራቱ ጥንድ ጥንድ ሆነዋል። ስፔኖች ራሳቸው ይህ ችግር ስለገጠማቸው ረቡዕን በኤክስ ይጽፋሉ፤ ፊሊፒኖ እንዲህ ያለ ልማድ የለውም። እዚህ ላይ አማርኛ ይኮራል፤ እ፣ ሰ፣ ማ፣ ረ፣ ሐ፣ ዓ፣ ቅ፣ ሰባቱም የተለያዩ። መፍትሔው የወሩን እይታ ትቶ የዝርዝር እይታውን መጠቀም፣ ወይም ቀኑ ላይ ነክቶ ሙሉው ስም እስኪወጣ መክፈት ነው።

የሌሊቱን ነገር ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም፣ ምክንያቱም አውሮፕላን የሚያመልጠው እዚያ ነው። ኤርፖርት የሚያደርሰው መኪና ረቡዕ ከሌሊቱ 1:00 ኤኤም ላይ ነው እንበል። ሐበሻ ይህን «ማክሰኞ ሌሊት ሰባት ሰዓት» ሊለው ይችላል። ፊሊፒኖዋ «አላ-ኡና ናንግ ማዳሊንግ-አራው ናንግ ሚዬርኩሌስ» ትላለች፦ የረቡዕ አጥቢያ አንድ ሰዓት። ሰዓቱ በስድስት ተለያየ፣ ቀኑም በአንድ። በስልኩ ላይ ማርቴስ 1:00 ኤኤም ብሎ የመዘገበ ሰው 24 ሰዓት ቀድሞ ሻንጣ ይዞ በር ላይ ይቆማል፤ ይህ ከማምለጥ ይሻላል፣ ሾፌሩ ግን አይመጣም። «ማዳሊንግ-አራው» የሚለውን ቃል «አጥቢያ» ብላችሁ ያዙት፤ የሚከተለው የቀን ስም ሊነጋ ያለው ቀን ነው፣ የመሸው አይደለም። «ጋቢ» ደግሞ ማታ ነው፣ ሲበርድ የሚለበሰው አይደለም። ሰዓት ሲነገር የስፔን ቁጥር ነው የሚሠራው፣ አላስ-ዶስ፣ አላስ-ትሬስ፣ አላስ-ኦትሶ፤ ኢሳ፣ ዳላዋ፣ ታትሎ የሚለውን የአገሬውን ቁጥር ለሰዓት አትጠብቁ። አላስ-ዶስ በእኛ ስምንት ሰዓት ነው። የሐበሻ ሰዓት ለፊሊፒኖ ባልደረባ ለማስረዳት መሞከር ድካም ነው፤ ስልኩ ላይ ያለውን አሃዝ አሳዩ።

ካላንደሩ ላይ የፊሊፒንስ በዓላትን መጨመር ይቻላል፣ ጨምሩት። ሁዌቤስ ሳንቶ፣ ቢዬርኔስ ሳንቶ፣ ሳባዶ ዴ ግሎሪያ፣ ከዚያ ፋሲካ። በ2026 ቢዬርኔስ ሳንቶ ኤፕሪል 3 ነው፣ የእኛ ስቅለት ግን ኤፕሪል 10፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2018። አንድ ሳምንት ልዩነት ለፈረቃ ቅያሪ ወርቅ ነው፤ የእነሱን እናንተ ሸፍኑ፣ የእናንተን እነሱ። በ2025 ሁለቱ ፋሲካዎች ኤፕሪል 20 ላይ ስለተገናኙ ይህ ዕድል አልነበረም። ስለዚህ ዓመቱን ሳታዩ ቃል አትግቡ።

ካላንደሩ ሊያሳየው የማይችለው ነገር የቀናቱን ጠባይ ነው። ማኒላ ውስጥ ሚዬርኩሌስ የባክላራን ቤተ ክርስቲያን ቀን ነው። ከ1948 ጀምሮ በየረቡዑ የሚደረገው የእመቤታችን ኖቬና፣ የካቶሊኮች የጸሎት ሥርዓት፣ ሕዝቡን ወደዚያ ቤተ ክርስቲያን ይጎትታል፣ መንገዱም ይዘጋጋል። ቢዬርኔስ የኪያፖ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ «ጥቁሩ ናዝሬናዊ» የሚባለው የኢየሱስ ምስል ቀን። ረቡዕና ዓርብ! እኛ የምንጾምባቸው ሁለቱ ቀናት። መገጣጠሙ በአጋጣሚ ነው፣ ምክንያቱም የተለያየ ነው፤ ለማስታወስ ግን ይጠቅማል። በባሕረ ሰላጤው ደግሞ የካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት የእሑዱን ቅዳሴ ዓርብም ይቀድሱታል፤ ስለዚህ ባልደረባችሁ «ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ» ስትል ቢዬርኔስ ማለቷ ሊሆን ይችላል። ኤምሬትስ ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ የሳምንት ዕረፍቷን ወደ ቅዳሜና እሑድ አዙራ ዓርብን ግማሽ ቀን አድርጋለች፤ ሌሎቹ የአካባቢው አገሮች ግን ሁሉም አልተከተሏትም።

ሌላው ጉድለት፦ «ፊሊፒኖ» የሚለው ምርጫ በመሠረቱ ታጋሎግ ነው። ከሴቡ ደሴት የመጣች ሴት እሑድን «ዶሚንጎ»፣ ሳምንትን «ሴማና» ትላለች። ለእሷ የሊንጎ ወጥመድ በራሷ ቋንቋ የለም፤ ከእሷ ጋር ስትነጋገሩ «ዶሚንጎ» በሉ፣ ነገሩ ያልቃል። የሰሜኖቹ ኢሎካኖዎችም እሑድን ዶሚንጎ ነው የሚሉት፣ ሳምንቱን ግን «ላዋስ»። በደቡብ ያሉት የሱሉ ደሴቶች ሙስሊሞች፣ ታውሱጎች፣ ደግሞ ከዓረብኛ የመጡ ስሞች አሏቸው፦ አሐድ፣ ኢስኒን፣ ጁማአት፣ ሳብቱ። አሐድ እሑድ ነው፤ ከግእዙ ጋር ያለው ዝምድና ያለ መዝገበ ቃላት ይሰማል። ለሐበሻ ከሉኔስና ማርቴስ ይልቅ የሚቀርበው ይህ ነው፣ ስልኩ ላይ ግን የለም።

ነጥቡ ከ5 ውስጥ 3 ነው። ስሞቹ ትክክል ስለሆኑ፣ ነጻ ስለሆነና ከሁለት ሳምንት አጠቃቀም በኋላ ሰባቱ ቃላት ሳይሸመደዱ ስለሚያዙ 3፤ «ማር፣ ማር» እና ሊን-ሉን አንድ አስቀንሰዋል፣ ሊንጎ ሌላውን። ስልኩን በሙሉ ወደ ፊሊፒኖ የቀየረ ሰው መመለሻውን አስቀድሞ ይያዝ፦ ቅንብሮች «ምጋ ሴቲንግ» ተብሎ ይጻፋል፣ ሲነበብ «ማንጋ ሴቲንግ» ነው። እዚያ ውስጥ «ዊካ» የሚል ቃል ያለበትን ምረጡ፣ ቋንቋ ማለት ነው፤ አማርኛ በዝርዝሩ ላይ በራሱ ፊደል ተጽፎ ይጠብቃችኋል። ወደ ላይ ጎትቱት።